ላስቲክ ላይ የታተመ መዳፍ

«ውይ፣ የዛሬው ዙኩኒ ማማሩ ሐጃ! ለጋ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ቢላ ሳይነካው ራሱ የሚፈለፈል ይመስላል። ከየት አገኙት? ማዕዘኑ ላይ ጋሪ ከምታቆመዋ ሴትዮ? እኔ ትናንት ከእሷው ገዝቼ ቤቴ ስደርስ ግማሹ ጠማማ፣ ግማሹ የበሰበሰ። ዕድል ነው መቼም... ለአንዳንዱ መርጠው ይሰጡታል፣ ለአንዳንዱ የተረፈውን። እኛማ ለምደነዋል። ሩዙ ላይ ቲማቲም ልጨምርበት? እንስላሉስ አልበዛም?»

ኢንሺራህ ወሬ የምትጀምረው ሁልጊዜ ከአትክልት ነው። የሚያውቋት ሰዎች ስለ አትክልት ስታወራ ሰምተው አይዘናጉም።

ሹብራ ሰፈር ካለው የቤተሰቡ ፎቅ ታችኛው ቤት፣ በሐጃ ዳውላት ማዕድ ቤት፣ ሦስት ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ለዓርብ ምሳ ዙኩኒ ይፈለፍላሉ፣ ሩዝ ይሞላሉ። ሐጃ መሀል ናቸው። በቀኛቸው የትልቁ ልጃቸው የሩሽዲ ሚስት ኢንሺራህ፣ በግራቸው የትንሹ ልጃቸው የሸውቂ ሚስት ሳፊናዝ። አቀማመጡም እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የሐጃ ግራ ጆሮ ከደከመ ዓመታት አልፈዋል፤ ኢንሺራህ ደግሞ የሚሰማውን ጆሮ ለሰው የምትለቅ ሴት አይደለችም።

«ይኼን የዙኩኒ ሆድ አሁን ወዴት ላድርገው? አዩ እጄን! ሳላስበው በሳህን ሰብስቤ ጣሪያ ላይ ልወጣ ነው እኮ። ምስኪን ስኳር... አሁንም ያለ ይመስለኛል። ሁለት ዓመት የዚህን ቤት ልጣጭ የበላ በግ እንዴት ቶሎ ይረሳል? ከእጅዎ አጉርሰው፣ ሲጠሩት የሚመጣ አድርገው አሳድገውት... ይሁን። ለትልቅ ነገር ነው የሄደው። ለተራ ነገርማ እርስዎ ስኳርን አይሰጡም። አይደለም እንዴ?»

ሐጃ በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳፊናዝ አንገቷን ዙኩኒዋ ላይ ደፋች፤ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷታል።

ሐጃ ዳውላት ትንሹ ልጃቸው የራሱ መኪና ባለቤት የሆነ ቀን ስኳርን ሊያርዱ ስለት ተስለው ነበር። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ሸውቂ ነጭ መኪና እየነዳ መጥቶ ደጃፉ ላይ ሲቆም፣ አፉን ሳይከፍት እሳቸው ጣሪያ ላይ ወጥተው በጉን እየፈቱ ነበር። መኪናዋ ግን የሸውቂ አይደለችም። የአከራይ ድርጅት ናት፤ ሦስት ዓመት ነድቶ፣ በወር ከተፈቀደላት ኪሎ ሜትር ሳታልፍ፣ ቀለሟ ሳይላጥ፣ በተረከባት ሁኔታ ሊመልሳት ተዋውሏል። ባልና ሚስቱ እንግዛ ወይስ እንከራይ እያሉ ብዙ ሲያወጡ ሲያወርዱ ከርመው ነው እዚህ የደረሱት። ለመግዛት አቅሙ አልነበራቸውም፤ ልጆች ታቅፎ ሚኒባስ መጋፋት ደግሞ መሮአቸው ነበር። ሸውቂ ያን ቀን እውነቱን ለእናቱ ሊነግር አስቦ ነበር የመጣው። የበጉ ጩኸት ቀደመው። ሥጋው ለሰፈሩ ከታደለ በኋላስ ማን ደፍሮ «ስለትዎ በሰው መኪና ላይ ፈሰሰ» ይበላቸው? ሐጃ ከምንም በላይ የአላህን ዕዳ የሚፈሩ ሴት ናቸው። ሳፊናዝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደህና እንቅልፍ አልተኛችም።

ኢንሺራህ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ሸውቂ በምስጢር ለወንድሙ ነገረው፤ ሩሽዲ ደግሞ ከሚስቱ ደብቆ ያሳደረው ምስጢር በሕይወቱ የለም።

«ሰው ግን ይገርመኛል» አለች ኢንሺራህ፣ ሩዙን በእጇ እያገላበጠች። «ጥንቃቄ የሚባል ነገር ከላይ የሚሰጥ ነው። ያን ዕለት እርስዎ የሰው ዓይን እንዳይበላት ብለው መዳፍዎን የስኳር ደም ውስጥ ነክረው ኮፈኑ ላይ ሊያትሙ ሲዘረጉ... ያቺ ላስቲክ ከየት መጣች? እኔ ዞር ብዬ ሳይ የመኪናዋ ኮፈን ላይ ላስቲክ ተነጥፎ፣ የእርስዎ አምስቱም ጣቶች ላስቲኩ ላይ! እንዴት ያለ ፍጥነት ነው? ስም አልጠራም፣ መልካም የሠራ ሰው በፊቱ ሲመሰገን ያፍራል። ግን አላህ ያያል። እኛ ባለጌዎቹማ የመኪናችንን በር በደም ለቅልቀን ይኸው ቀለሙን በልቶት እስከ ዛሬ አምስት ጣት ይታያል። ማን ጠየቀን? ማን ይቆጣናል? ሌላው ግን እንደ ሰው ዕቃ... ማለቴ፣ የራሱን ዕቃ የሰው ያህል አክብሮ ነው የሚይዘው። እንዲህ ያለ አያያዝ ከየት ይማሩታል?»

የኢንሺራህና የሩሽዲ መኪና እዚያው ደጅ፣ ከነጯ መኪና ኋላ፣ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ከካቻምና ወዲህ ሞተሯ አልተነሣም። የሰፈሩ ድመቶች ሥሯ ይወልዳሉ። ግን የገዟት ናት፣ የራሳቸው ናት፣ ማንም አይወስድባቸውም፤ ማንም ቢወስድላቸው ደስ የሚላቸው ቀንም አለ። እሷን ለመግዛት ዓመታት ምስር በልተዋል። የተገዛች ዕለትም ሐጃ ያረዱት አንዲት ዳክዬ ነበር፤ እሷንም ያረጀች፣ እንቁላል መጣል ያቆመች። ኢንሺራህ ሥጋውን በልታለች፤ ዳክዬዋ ግን እስከ ዛሬ ከጉሮሮዋ አልወረደችም። ሐሙስ ዕለት ስኳር ሲጎተት ስታይ ያንን ነበር ያስታወሰችው። ቅናት ነው ቢሏት ትሞታለች፤ ቅናት ግን ነው።

«ያቺ የናስ ጽሑፍስ ሐጃ? ‹ማሻአላህ› የምትለዋ፣ ከሑሴን ሰፈር የገዟት? የኋላው በር ላይ በብሎን ትመታ ብለው ስንት ጊዜ አዘዙ። እስካሁን በክር ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች! እኔ ታዲያ ተቆጥቼ ሩሽዲን ‹ወንድምህ መሰርሰሪያ ከሌለው ያንተን ስጠው› ብለው... ሳቀብኝ። ለምን እንደሳቀ አላውቅም። እኛ ምን እናውቃለን? ምናልባት ቀዳዳ ብርድ ያስገባል።»

ሐጃ እጃቸው ላይ ያለውን ዙኩኒ ለአፍታ አዩት፣ ከዚያ ሩዙን መጠቅጠቃቸውን ቀጠሉ። ሳፊናዝ ሩዙን አብዝታ ኖሮ ዙኩኒው እጇ ላይ ተሰነጠቀ። ከሳህኑ ሥር ደበቀችው።

«አይ፣ እኔ እኮ ማመስገኔ ነው! ታላቅ እህትዎ ጣንጣ ከተማ ሆነው እግሬን እያሉ ነው አይደል? እርስዎ ደግሞ በልጄ መኪና ሄጄ ልያት ካሉ ሳምንትዎ። ‹ዛሬ አይደለም እማዬ፣ በሚመጣው ወር እማዬ።› ሰነፍ እንዳይመስልዎ! መኪና ስለሚወድ ነው። ባለፈው እስከ ሐኪም ቤት ሲያደርሰን ልብ ብዬ አየሁት፤ ሌላው ሹፌር መንገድ ያያል፣ እሱ ዐይኑ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ። ቁጥሯ አንዲት ፈቀቅ ስትል ፊቱ ይለዋወጣል። ይኼ ፍቅር ካልሆነ ምንድን ነው? መኪና እንደ ሰው ተቆጥቦ ሲወደድ አይቼ አላውቅም... የሩሽዲ ቆጣሪ ምን አላት፣ ተሰብራ ቆማለች፣ የሚቆጥርብንም የለም።»

ሳፊናዝ የኢንሺራህን ዓይን ፈለገች። ‹በልጆችሽ› ማለት ፈልጋ ነበር፣ በዓይኗ ብቻ። ኢንሺራህ ግን ከሐጃ በቀር ሰው በቤቱ ያለ አትመስልም።

«ደግሞ አሁን አሁን ሳስበው መግዛት ራሱ ምንድን ነው? የእኛ የድሆች ጉጉት ነው። ‹የኔ› ማለት የሚያምረን እኛ ነን። ብልህ ሰው በዚህ ዘመን ምን ያደርጋል? ቤት ይከራያል። ለግብዣ ወንበር ይከራያል። የሠርግ ልብስ ተከራይታ ከገዛችው በላይ ያማረባት ሙሽራ አላየንም? አይተናል! ጥርት ያለች ነበረች፣ ማሻአላህ፤ በማግስቱ ልብሱ ተመለሰ እንጂ ውበቱ ተመለሰ? ታዲያ... እኔ ስለ ልብስ ነው የማወራው ሐጃ። ሌላ ነገር አላልኩም። ወር በገባ ቁጥር ስልክ የሚደውል ታማኝ ወዳጅ ማፍራትም ጸጋ ነው። እኛን ማን ይደውልልናል?»

ተከራይታ የለበሰችው የሠርግ ልብሷ ሲነሣ ሳፊናዝን አንድ ነገር ውስጧን አቃጠላት። እስከ አሁን የፈራችው ሐጃን ነበር። አሁን ግን እውነቱን ከዚህች ሴት አፍ ከሚሰሙት ከራሷ አፍ ቢሰሙት እንደሚሻል ገባት። ይቆጡ፣ ያልቅሱ፣ ሌላ በግ አሳድጋለሁ፤ እጃቸውን ይዤ ‹ስለ ልጅዎ ይቅር ይበሉን፣ ልንነግርዎ ነበር› እላቸዋለሁ አለች በልቧ። ዙኩኒውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። በሐጃ ፊት ዞራ ወደሚሰማው ጆሮ ለመሄድ በጉልበቷ ተነሣች።

ኢንሺራህ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየች። እሷም ተነሣች፣ ፈጠን ብላ፤ የሐጃን ቀኝ እጅ ከነሩዙ ብድግ አድርጋ ሳመችው። ድምጿ ማር ሆነ።

«በሉ እኔ ልውጣ፣ ወንዶቹ ከሶላት ሊመጡ ነው። ዝም ብዬ ለፈለፍኩ፣ ይቅር በሉኝ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን ሐጃ! ከሁላችንም በላይ ይኑሩልን። ለዚያችም ነጭ መኪና አላህ በረከቱን ያብዛላት፣ ያለቻትን ሦስት ዓመት የደስታ ያድርግላት...»

የሐጃ ጣቶች በኢንሺራህ እጅ ውስጥ ደረቁ። ቀስ ብለው ወደ ግራቸው ዞሩ። ሳፊናዝ በጉልበቷ እንደቆመች፣ አፏ እንደተከፈተ ነበር። ሐጃ ያንን ፊት አይተው የቀረውን ከእሱ አነበቡት፤ ከዚያ ዐይናቸው ቀና ብሎ የጣሪያውን ደረጃ አየ።

ኢንሺራህ በሩ ላይ ሆና መሐረቧን አስተካከለች።

«...መኪናዋን የምትሸኙበትም ቀን ሲደርስ፣ እርስዎ በሙሉ ጤናዎ ደጃፍ ላይ ቆመው እጅዎን የሚያውለበልቡላት ያድርግዎ። ስለት የሰማ አላህ ያን ጊዜም ሌላ በግ አያሳጣዎ፣ የእኔ እናት። አሚን አትሉም እንዴ?»