ሰላምታው አይወጣም

ጅግጅጋ ውስጥ አንድ ጌም ቤት የገባሁት ሆዳን የምትባል የኮምፒውተር ጠጋኝ ስላሻሻለችው ጨዋታ ተጫዋቾች የሚሉትን ለመስማት ነበር። አንድ የውጭ የሰይፍ ጨዋታ ወስዳ ፈረሱን ግመል፣ ጫካውን የሀርሺን ሜዳ አድርጋዋለች። በእሷ ጨዋታ ጀግናው የውሃ ጉድጓድ ሲደርስ ከእረኞቹ ጋር ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብትና ስለ መንገድ ሳይጠያየቅ ውሃ አያገኝም። ሰይፍ ከመዘዘማ ማንም አያናግረውም።

የቀብሪበያ ሚኒባስ ሹፌር የሆነ ደንበኛ ገባ። «ወራን?» ብሎ በሶማሊኛ ሰላምታ ጀመረና አጠገቤ የነበረችውን ሆዳንን ስለ እናቷ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አጎቷ ግመሎች ጠየቃት። እሷም ስለ መንገዱና ስለ ልጆቹ ጠየቀችው። «አቦ ሆዳን፣ ያንን ሰላምታ ከጨዋታው አውጪልን፤ እኛ መዋጋት ነው የምንፈልገው» ያላት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

«አንተስ አሁን ለምን ቀጥታ ወደ ጉዳይህ አልገባህም?»

«ያለ ሰላምታ? ባለጌ ነኝ እንዴ?»

«ጀግናዬም ባለጌ አይደለም።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ የጌም ቤቱ ባለቤት ግን አልሳቀም። «ሁሉም የሚያማርረው ይህንኑ ነው። ካላወጣሽው ጨዋታውን ከኮምፒውተሮቼ ላይ አጠፋዋለሁ» አላት። ጨዋታዋን የሚያስጫውትላት ሌላ ቤት እንደሌለ ቀደም ብላ ነግራኛለች።

«አጥፋው» አለችው።

እውነትም አጠፋው። የተጫዋቾቹን አስተያየት ትቀበል እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ተቀብያለሁ» አለች ላፕቶፗን እየከፈተች። «እረኞቹ ጀግናዬን ስለ እናቱ አይጠይቁትም ነበር። እሱን እጨምራለሁ።»