በባትሪ ሳጥኑ ላይ ስለተገኘው ጋቢ የተሰጠ የማረሚያ ቃል

የምስክሩ ስም፦ ተሻገር ፀጋዘአብ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ በኢቶቢኮ በሚገኝ የዕቃ መጋዘን የፎርክሊፍት ባትሪ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ቶሮንቶ
ጉዳዩ፦ የወ/ሮ ውብአለም ተክለ ማርያም (ዕድሜ 73) አሟሟት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1994፣ ከጠዋቱ 9:40 ጀምሮ
ቃል ተቀባይ፦ መርማሪ ዲ. ሃሪስ
አስተርጓሚና ጸሐፊ፦ እየሩሳሌም አቢይ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር ዛሬ ወደ ፖሊስ ጣቢያ የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ ነው። በዚሁ ጉዳይ ጃንዋሪ 21 ቀን ቃሌን ሰጥቼ ነበር። በዚያ ቃሌ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ውሸት ዋሽቻለሁ። አንደኛው የመኪናዬ ማሞቂያ ተበላሽቶ ነበር ማለቴ ነው። ሁለተኛው ወ/ሮ ውብአለም ጋቢያቸውን መቼና ለምን እንዳወለቁ አላየሁም ማለቴ ነው። በዚህ በሁለተኛው ውሸት ምክንያት የሟች ልጅ ሣራ እናቷ አእምሯቸውን ስተው እንደሞቱ ታምናለች። እውነቱ እንደዚያ ስላልሆነ ለማረም መጥቻለሁ። ይህ ቃል በእኔ ላይ ሊያስከትል የሚችለውን መርማሪው አስረድተውኛል። ጠበቃ መጥራት እንደምችልም ነግረውኛል፤ አልፈለግኩም። ሰዓት የምጠቅሰው በዚህ አገር አቆጣጠር ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ ለአሥራ አንድ ዓመት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ በመጋዘኑ የፎርክሊፍት ባትሪዎችን ውሃቸውን እሞላለሁ፣ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ የሞተውን ከደህናው እለያለሁ። ፎርክሊፍቱ ቀኑን ሙሉ በባትሪ ዕቃ ሲያነሳ ይውልና ማታ ተሰክቶ ያድራል። መኪናስ ለምን እንዲህ አይሆንም ብዬ በ1991 ሞተሯ የሞተ ትንሽ አሮጌ መኪና ገዛሁ። ሞተሩን አውጥቼ በምትኩ የኤሌክትሪክ ሞተር አስገባሁ። አሥራ ስድስት የእርሳስ ባትሪ ጫንኩባት። የኋላ ወንበሩ ግማሽ ወጥቶ የባትሪ ሳጥን ገብቶበታል፤ የፊት ተሳፋሪ ወንበር በነበረበት ቻርጀሩ ተቀምጧል። ስለዚህ ለእንግዳ የቀረው ከሳጥኑ አጠገብ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ምርመራ አልፋ ሰሌዳ አውጥታለች።

የሰፈራችን ሰው መኪናዋን “ሬዲዮኗ” ይላት ነበር። ባየኝ ቁጥር “ተሻገር፣ ስንት ድንጋይ ትበላለች?” የማይለኝ አልነበረም። እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይበግን ነበር። ይህን የምናገረው ሰበብ ለመፈለግ አይደለም። በዚያ እሑድ ያደረግኩትን ሁሉ ያደረግኩት በዚህ ብግነት ስለሆነ መጻፍ አለበት።

በበጋ አንድ ጊዜ ከሞላች ሰባ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ብርዱ ሲገባ ግን ባትሪ ይደነዝዛል፤ ጉልበቱ በግማሽ ይወርዳል፣ ቻርጅም እንደ ልብ አይገባለትም። በዚያ ላይ የቤንዚን መኪና ሙቀቱን በነጻ ከሞተሩ ያገኛል። የእኔ ግን ለመሞቅ የምትወስደው ለመሄድ ከምትወስደው ከዚያው ባትሪ ነው። ማሞቂያዋን ከቤት ማሞቂያ ፈትቼ ራሴ ሠርቼላታለሁ። ከመሪው በስተቀኝ ቀይ ማብሪያ አለው። ጃንዋሪ 16 ቀን ማሞቂያው አልተበላሸም። መኪናዋ አሁን በፖሊስ ግቢ ስላለች ባትሪዎቿ ተሞልተው ቢሞከር ይበራል።

ቅዳሜ ጃንዋሪ 15 ቀን ከቀኑ 4:00 ገደማ ጎረቤቴ ሣራ ቤቴ መጣች። ሣራ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። እናቷን ያመጣቻቸው ባለፈው ሴፕቴምበር ነው። “ጋሼ ተሻገር፣ ነገ ደብል ሺፍት ነኝ። እማዬ መቁረብ ትፈልጋለች፤ ቸርች ታደርስልኛለህ?” አለችኝ። እሺ አልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በእኔ መኪና ልሂድ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

እሑድ ጃንዋሪ 16 ቀን ከጠዋቱ 5:45 ላይ ወደ መኪና ማቆሚያው ወረድኩ። ሬዲዮው ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት ነው ብሏል። ከሕንጻችን በታች ያሉት መኪናዎች ግማሾቹ አልነሳ ብለው ሰዎቹ ኮፈን ከፍተው ይራገሙ ነበር። የእኔ መኪና ሌሊቱን ተሰክታ፣ ባትሪዎቿ ብርድ ልብስ ለብሰው ስላደሩ ቁልፍ ሳዞር ወዲያው ተንቀሳቀሰች። በመሃላቸው ቀስ ብዬ ነዳሁ። ሊያዩኝ ይገባል ብዬ ነው ቀስ ያልኩት።

ወ/ሮ ውብአለም ካፖርት ለብሰው፣ ከካፖርቱ በላይ ጋቢ ደርበው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ። ማሞቂያውን አበራሁላቸው። ከጎናቸው ያለውን ሳጥን ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። “ባትሪው ነው እማማ። እንደ ሰው ነው፤ ሲበርደው ጉልበት ያጣል” አልኳቸው። “አዬ ምስኪን! እሱም እንደኔ አገሩ አልተስማማውማ” አሉና ሳጥኑን መታ መታ አደረጉት። ሰው ሁሉ ሲያሾፍበት የኖረውን ነገር እሳቸው አዘኑለት። በጣም ወደድኳቸው።

ሬክስዴል በሚባለው ሰፈር ለቅዳሴ ወደምንከራየው አዳራሽ 6:50 ላይ ደረስን። መኪናዋን ከአዳራሹ ውጭ ባለው ሶኬት ሰካኋት። ቅዳሴው አልቆ 12:40 ላይ ስንወጣ መለኪያውን አየሁ፤ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ከዚያ እስከ ቶርንክሊፍ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በልቤ አሰላሁት። ማሞቂያው ከጠፋ ምናልባት እንደርሳለን፤ ከበራ አንደርስም።

ጎረቤታችን አቶ ሽፈራው ቫኑን አስነስቶ ቆሞ ነበር። “ሂተሩ እሳት ነው። እማማን እኔ ድሮፕ ላድርጋቸው፤ አንተ ሬዲዮህን እያስነካህ ና” አለኝ። በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። “እኔ አመጣኋቸው፣ እኔ እመልሳቸዋለሁ” አልኩ። ወ/ሮ ውብአለም ከእኔ ጎን ቆመው ነበር፤ አልተጠየቁም። እሳቸውን ወደ ቫኑ ማስገባት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

12:50 ላይ ተነሳን። ከስምንት ደቂቃ በኋላ፣ ሬክስዴልን ሳንለቅ፣ ማሞቂያውን በእጄ አጠፋሁት። አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም። ለመርማሪው ማስረዳት የነበረብኝ ነገር ይህ ነው። በእኛ እምነት የቆረበ ሰው አፉን በነጠላው ይሸፍናል፤ ብዙ አያወራም፤ ጸጥ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወ/ሮ ውብአለም ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሱም። በመስታወት ሳያቸው አፋቸው ተሸፍኗል፣ ዝም ብለዋል። ዝምታቸው የቁርባን ዝምታ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ውስጥ የትኛው የቁርባን፣ የትኛው የብርድ እንደነበረ አሁንም አላውቅም።

ኤግሊንተን መንገድን ይዘን ወደ ምሥራቅ ስንሄድ፣ 1:25 አካባቢ ኪል መንገድን እንዳለፍን፣ መኪናዋ መድከም ጀመረች። ከኋላችን ያለው ሰው ጡሩንባ ነፋብን። እኔም ጮክ ብዬ “ባትሪው በርዶት ነው እማማ፤ አይዞን፣ እንደርሳለን” አልኩ።

ይህን ስል በመስታወት እያየኋቸው ነበር። ወ/ሮ ውብአለም ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ጋቢውን በሁለት አጥፈው በባትሪ ሳጥኑ ላይ ዘረጉት፤ ዳርና ዳሩን ከሳጥኑ ሥር ወተፍ ወተፍ አደረጉ፤ ከላይም በመዳፋቸው አስተካከሉት። ከዚያ ቀና ሲሉ በመስታወት ተያየን። ነጠላው አፋቸውን ስለሸፈነው ፈገግ ማለታቸውን ያወቅኩት ከዓይናቸው ነው። ራሴን ነቀነቅኩላቸው። ምስጋናዬ ነበር።

ባትሪ ሥራዬ ነው። ጋቢ ሙቀት አይፈጥርም፤ ያለውን ሙቀት ይይዛል እንጂ። ባትሪዎቹ የሚያዝ ሙቀት አልነበራቸውም። በዚያ መኪና ውስጥ ሙቀት የቀረው እሳቸው ላይ ብቻ ነበር። ይህን በደንብ አውቅ ነበር፤ “እማማ፣ ይልበሱት” ማለት ግን አልቻልኩም። ካልኩ ጋቢው እንደማይጠቅም መናገሬ ነው፤ ጋቢው ካልጠቀመ መኪናዋ አትደርስም ማለቴ ነው። እሱን ከአፌ ለማውጣት አፈርኩ። እውነቱን ለመናገር ከማፈሬም ይልቅ፣ አንድ ሰው ለመኪናዬ ስላዘነላት ደስ ብሎኝ ነበር።

1:45 ላይ ባተርስት መንገድ ሳንደርስ መኪናዋ ቆመች። የተዳከመ ባትሪ ካረፈ ትንሽ ጉልበት ይመልሳል። ግማሽ ሰዓት ትረፍ አልኩ። መቶ ሜትር ያህል ርቆ የቤንዚን ማደያ ነበር። “እማማ፣ ይምጡ ገብተን እንሙቅ” አልኳቸው። ሂድ በሚል እጃቸውን አወዛወዙ። በእኛ ወግ ትልቅ ሰው አንዴ ተጠይቆ እሺ አይልም። አስቸግራለሁ ብሎ ይግደረደራል፤ ጠያቂውም ሁለቴ ሦስቴ ይለምናል፣ በመጨረሻም እጁን ይዞ ያስነሳዋል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እኔ ግን አንዴ ጠየቅኩና በሩን ዘግቼ ሄድኩ። ብርዱ ፊቴን ይቆርጠው ነበር።

ማደያው ውስጥ ሻይ ገዝቼ ማሞቂያው አጠገብ ቆሜ ጠጣሁ። ለሽፈራው ከሕዝብ ስልኩ ደወልኩ፤ ገና ቤቱ አልገባም ነበር። ታክሲ መጥራት እችል ነበር። መኪናዋን መንገድ ላይ ጥዬ በታክሲ ስገባ ሰፈሩ የሚለው ታየኝና ተውኩት። በጃንዋሪ 21 ቃሌ “እርዳታ ፍለጋ ሄጄ ነበር” ብያለሁ። ከዚያ አንድ ስልክ በቀር እርዳታ አልፈለግኩም፤ እየሞቅኩ ባትሪው እስኪያርፍ ነበር የምጠብቀው።

2:25 ላይ ተመለስኩ። ወ/ሮ ውብአለም ራሳቸውን በሳጥኑ ላይ ደገፍ አድርገው ነበር። ጠራኋቸው፤ አልመለሱልኝም። እጃቸውን ያዝኩ፤ ደንድኖ ነበር። ወደ ማደያው ሮጬ አምቡላንስ አስጠራሁ። አምቡላንሱ 2:41 ላይ ደረሰ። ባለሙያዎቹ አንስተው ሲወስዷቸው ጋቢው ሳጥኑ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ፤ በኋላ ፖሊስ ያገኘው እዚያው ነው። ሐሙስ ጃንዋሪ 20 ቀን ሳይነቁ በሆስፒታል አረፉ።

ሐኪሙ ለሣራ ብርድ ክፉኛ የጎዳው ሰው አእምሮውን ስቶ ልብሱን የሚያወልቅበት ጊዜ እንዳለ ነግሯታል። ሐኪሙ ያየውን ይዞ ነው የተናገረው፤ ጋቢው ወልቆ ተገኝቷል፣ ያየ ሰው የለም ተብሏል። የለም ያልኩት እኔ ነኝ። ባረፉ በማግስቱ ቃሌን ስጠየቅ ፈራሁና አላየሁም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሣራ በለቅሶው ቤት ለመጣው ሰው ሁሉ ስትናገር እሰማለሁ፦ “እማዬ ኮንፊውዝድ ሆና ነው የሞተችው። ሰባት ልጅ ያሳደገች ሴት ልብሷን ስታወልቅ ማን እንደሆነች እንኳ አታውቅም ነበር።” ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ይህንኑ እያለች የእናቷን ፎቶ ከግድግዳ አወረደች። ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም።

እውነቱ ይህ ነው። ወ/ሮ ውብአለም ተክለ ማርያም አእምሯቸውን አልሳቱም። ጋቢያቸውን ያወለቁት አስበው፣ አዝነው፣ የነገርኳቸውን አምነው ነው። እኔ እያየሁ ነው። ማሞቂያውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።

ሣራ በቀብሩ ዕለት አቅፋኝ “አንተ ምን አደረግክ ጋሼ፣ ሂተሩ ነው እንጂ” ብላ ይቅር ብላኛለች። ይቅር ያለችኝ ያላወቀችውን ነው፤ ስለዚህ ይቅርታዋን እንደተቀበልኩ አልቆጥረውም። ይህ ቃል ለዳኛ ከመቅረቡ በፊት በአማርኛ እንዲነበብላት እጠይቃለሁ። ሲነበብላት እኔ ውጭ እሆናለሁ። ልታየኝ ከፈለገች ታስጠራኝ። ካልፈለገችም የእናቷን ፎቶ ግን መልሳ ትስቀል።

ይህን ቃል የሰጠሁት ሳልገደድና የጥቅም ተስፋ ሳይሰጠኝ ነው። ወ/ሪት እየሩሳሌም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብባልኛለች፤ ያልኩት ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት መስፈሩን አረጋግጫለሁ። ከጃንዋሪ 21 ቃሌ ጋር በሚጋጭበት ቦታ ሁሉ እውነቱ ይህኛው ነው።

የምስክሩ ፊርማ፦ ተሻገር ፀጋዘአብ
የአስተርጓሚዋ ፊርማ፦ እየሩሳሌም አቢይ
የመርማሪው ፊርማ፦ ዲ. ሃሪስ
ቃሉ የተዘጋበት ሰዓት፦ 12:15