ጣራው ላይ ያለው እንጨት

ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ በሚኒባስ ቁልቁለቱን እየወረድን ነበር። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት ጎናቸው ያለውን ሰውዬ ጠየቁት።

«ልጄ፣ ጣራው ላይ የተጫነው ባሕር ዛፍ ያንተ ነው?»

«አዎ እማማ፣ ለቤት መሥሪያ ነው።»

«ከባድ ይመስላል።»

«ኧረ ደረቅ ነው፤ ይቀላል።»

«ድምፁን ስማው እስቲ። ደረቅ እንጨት እርስ በርሱ ሲጋጭ ይጮሃል። ይሄ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ድም ነው የሚለው።»

«ውስጥ ሆነን ስለምንሰማው ይሆናል።»

«እኔ እንጨት ተሸክሜ ነው ያረጀሁት። እርጥቡ ከደረቁ እጥፍ ይከብዳል። መቼ ነው የቆረጥከው?»

ሰውየው ወደ ሾፌሩ አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዛሬ ጠዋት።»

«ሾፌሩ ያውቃል?»

«ደረቅ ነው ብዬው ነው የጫነልኝ።»

«በስመ አብ! በል ንገረውና ያቁም!»

«ቀስ ይበሉ እማማ፣ እንዳይሰማን። እዚህ ቁልቁለት ላይ ብነግረው ደንግጦ ፍሬን ይረግጣል። ሜዳው ላይ ስንደርስ እነግረዋለሁ።»

«ከደረስን በኋላማ ምን ያደርግለታል?»

እኔ መኪናው ትንሽ እንዲቀለው ብዬ ቦርሳዬን ከጭኔ ላይ አነሳሁና ሜዳው እስኪመጣ ድረስ በእጄ አንጠልጥዬው ተጓዝኩ።