የተውሶ ማርሚታ

ከወረታ ወደ ይፋግ በሚሄድ ሚኒባስ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጫለሁ። ጋቢና ያሉት አንድ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። የመኪናው ጭስ ሲያስላቸው ሾፌሩ ዞር አለ።

«ይቅርታ አባ። ጭሱን የሚያጣራው ካታላይዘር ተደፍኖ ቢያስቸግረኝ ከማርሚታው ውስጥ አስወጣሁት።»

«ታዲያ ለቦሎ ስትመረመር እንዴት ታልፋለች?»

«የጓደኛዬን ማርሚታ እየተዋስሁ። ጠዋት እገጥመዋለሁ፤ ምርመራው ሲያልቅ ፈትቼ እመልስለታለሁ።»

«ዘንድሮስ?»

«ምርመራው ነገ ነው። እሱ ግን መኪናውን ሸጠ።»

«እኛም አንድ ትልቅ አባት ሊጎበኙን ሲመጡ ከጎረቤት ደብር ምንጣፍ ተውሰን አነጠፍን።»

«አላወቁባችሁም?»

«እንዴት አያውቁ፤ ከሳምንት በፊት እዚያው ደብር ቆመውበት ነበር።»

«ምን አሉ ታዲያ?»

«‹ባዶውን መሬት ብታሳዩኝ ኖሮ ምንጣፍ ይዤላችሁ እመጣ ነበር› አሉን።»

ሾፌሩ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ቅጭም አለ።

«እኔ ባዶውን ባሳይ መኪናዋን ያቆሟታል እንጂ ማርሚታ አይሰጡኝም፣ አባ።»

«እሱስ እውነትህን ነው።»

«እስካሠራት ድረስ ልጆቼ ምን ይበላሉ?»

«እንዳለች ወደ ምርመራው ይዘሃት ሂድ። የእርሻዬ ሩዝ ተወቅቷል፤ ካቆሟት እኔ ቤት ና፣ አንድ ጆንያ አታጣም።»

ይፋግ ወርጄ ሚኒባሱ ሲነሳ ጭሱ ፊቴ ላይ መጣ፤ አፍንጫዬን ልሸፍንበት ያነሳሁትን ነጠላ መልሼ ትከሻዬ ላይ ጣልሁት።