እሺ ባዮቹ ፈታሾች

አቶ ብርሃነ ሥላሴ ሶረቲን ከሩቅ ሲያዩ በስዊድን አገር ከሶለንቱና ባቡር ጣቢያ ምሰሶ ጀርባ ገባ አሉ። የሰባ ዓመት ሰው ከልጅ መደበቁ ያሳፍራል። ግን ባለፈው ሐሙስ ለቅሶ እንዳለባቸው እያወቁ «እሺ፣ እመጣለሁ» ብለዋት ቀርተዋል። አፋቸው እምቢ ማለትን አልለመደም።

«ጋሼ፣ ምሰሶው እኮ ቀጭን ነው» አለች እየሳቀች።

ሶረቲ አረጋውያን የቤት ለቤት ረዳት የሚጠሩበት የስልክ መተግበሪያ ከመሰራጨቱ በፊት የሚፈትሹ ሰዎችን ታሰማራለች። ፈታሾቹ ቅጥር የላቸውም፤ ሥራ ሲኖር ይጠራሉ። በአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት በአራሚነት የኖሩት አቶ ብርሃነ ሥላሴም የአማርኛውን ክፍል እየነካኩ ስሕተት ይለቅማሉ።

«አራት ሰው ጠራሁ፤ አራቱም እሺ አሉኝ፤ አንድም አልመጣ። እስከ ዓርብ ካልተፈተሸ አማርኛው ይቀራል ተብያለሁ።»

ሽማግሌው ደነገጡ። ስዊድንኛ የማይችሉት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሸዋሉል አምና ክረምት ወድቀው፣ የሚጠሩት አጥተው ግማሽ ቀን ወለል ላይ ተኝተዋል።

«ስለዚህ ሼማ፣ የሥራ ሰዓት ዝርዝር፣ አወጣሁ» አለች ስልኳን እያሳየች። «ሁሉም የሚመቸውን ሰዓትና የሚፈትሸውን ገጽ በእጁ ይጽፋል። ያልተመቸው አይመቸኝም ይላል።»

«ልጄ፣ ቃል የእምነት ዕዳ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ጻፍ ማለት አለማመን አይሆንም?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ የሐሙሱም ቃል ነበር።»

ይሉኝታ ደግ ነገር ነው፤ ፊት ለፊት ያላስቀየሙትን ሰው ግን ኋላ ጉድ ያደርገዋል።

«በማተሚያ ቤቱማ» አሉ በትካዜ፣ «እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ጠዋት በቀለም ሽታ እንገባለን። ተሾመ የሚባል የፈረቃ አለቃ ጠመኔ ይሰጠናል። በሩ አጠገብ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስማችንንና የምናርመውን ገጽ...»

ዞር ብለው የሶረቲን ስልክ እንደገና አዩ። ባቡሩ መጥቶ ሄደ፤ ሁለቱም አልተሳፈሩም።

«ለቅሶ ያለበት ከስሙ አጠገብ ያሰምራል» አሉ ቀስ ብለው። «ተሾመ ሌላ ይተካል፤ የሚቀየም የለም። ከዚያ ሰሌዳ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ሼማውስ ያው ሰሌዳ አይደል?»

«ነው እንጂ! እንዲያውም ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። ለየገጹ ተጠባባቂ ጨምሪበት።»

ስልኳን ተቀብለው «ረቡዕ ጠዋት፣ የአስቸኳይ ጥሪ ገጽ» ብለው ጻፉ። ሐሙስ ላይ ጣታቸው ትንሽ አመነታና «አይመቸኝም፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ» የሚል አሰፈሩ። በዕድሜያቸው የመጀመሪያው እምቢታ ሳይሆን አይቀርም።

ረቡዕ ዕለት ረጅሙ የአማርኛ ጽሑፍ የጥሪውን ምልክት ከስልኩ መስታወት ገፍቶ እንዳስወጣው አገኙና ጽሑፉን አሳጠሩት። ሐሙስ ተጠባባቂዋ ከበደች በእሳቸው ቦታ ገብታ እርማቱን አረጋገጠች፤ ዓርብ ሥራው አለቀ። ሰዓቱን የጻፈ ሥራውን አልበደለም፤ አይመቸኝም ያለም ወዳጁን አላስቀየመም።

በሳምንቱ ወይዘሮ ሸዋሉል ምልክቱን ነክተው ረዳት ሲመጣላቸው ደስታቸውን ሊነግሩ ደወሉ። «ረቡዕ ቤቴ ምሳ እንብላ» አሏቸው።

አቶ ብርሃነ ሥላሴ ሼማውን ከፈቱ። በረቡዕ ረድፍ ከከበደችና ከሌላው ፈታሽ ከዕንባቆም በታች የእሳቸው ስም ተጽፏል።

«ረቡዕ አይመቸኝም» አሉ በደስታ። «ሰሌዳ ላይ ስሜ አለ።»