ወደ አጫጆቹ የዞረው ቴሌስኮፕ

ኮኪት አካባቢ አንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ የትራክተር መካኒክ ነኝ። ተማሪ ሳለሁ ሰማይ ማየት ነፍሴ ነበር፤ ከስንት ዓመት በኋላ መተማ ገበያ ያገለገለ ቴሌስኮፕ አግኝቼ ስገዛ ያ አመሌ ተቀሰቀሰብኝ። አላስችል ብሎኝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሳው ዳር ተከልኩትና፣ የእይታውን ጥራት ላስተካክል ብዬ ከአጫጆቹ ወዲያ ባለ ዛፍ ላይ አነጣጠርኩ። ቀና ስል፣ ምን ልበላችሁ፣ አጫጁ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ቆሟል! አለቃቸው፣ ከጎጃም የመጡ ሸምገል ያሉ ሰው፣ እየተንደረደሩ መጡ። «ባለሀብቱ ነው አይደል የላከህ? ማን እንደለገመ በዚህ እያየህ ልትነግረው! በሉ ልጆች፣ ጓዛችሁን ሸክፉ፤ እርሻ እንደሁ ሞልቷል!»

ሰሊጡ ደርሷል፤ ካልታጨደ ሊረግፍ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ። «አባቴ፣ እባክዎ አንዴ ብቻ ይዩልኝ» አልኩና ሰማዩ ላይ ነጥታ ወደምትታየው ግማሽ ጨረቃ አዞርኩት። ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ገጠሙ። «ኧረ ጉድጓድ በጉድጓድ ናት!» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ሰዎቻቸው ዞረው «ግቡ፣ ግቡ! የሚያየው ሰማይ ነው፣ እኛን አይደለም!» ሲሉ፣ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ተመስገን!

ትንሽ ሄድ ብለው ተመለሱ። «ልጄ፣ ባለሀብቱ ሲመጣ ይህንኑ አሳየው» አሉኝ። «እሱ ወደ ላይ ሲያይ፣ እኛ ወገባችንን ቀና እናደርጋለን።»