ሰውም እንደ ብረት ይዝጋል

ከዶዮገና ወደ ሆሳዕና በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት የሳይንስ መምህር ጎመን ለገበያ ይዘው ለተሳፈሩ እናት ያስረዳል።

«እማማ፣ አየር ብረትን እንደሚያዝገው ሁሉ የሰውም ገላ ከውስጥ ይዝጋል።»

«ምን ይገርማል? እንሰትም ተፍቆ አየር ላይ ከዋለ ይጠቁራል። እኛ ቶሎ በኮባ እንሸፍነዋለን።»

«በቃ እሱ ነው! ለሰው ደግሞ ኮባው ጎመን ነው። ቫይታሚን አለው።»

«አንተስ ጎመን ትበላለህ፣ ጓድ መምህር?»

«እኔ እንኳ... ሥጋ ይሻለኛል።»

«ሲጋራስ?»

«አልፎ አልፎ ነው፣ እማማ።»

«አልፎ አልፎ ነው ጣትህን እንዲህ ቢጫ ያደረገው? በል፣ ይቺን እስር ጎመን ያዝ፤ ሳትጠቁርብኝ ልሸፍንህ።»

እኔም ቀስ ብዬ ጣቶቼን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኳቸው።